የጣና ዳር ወፎች ከየት ይመጣሉ? የማንስ ናቸው?

ባለፈው ህዳር የአክስቴ ልጅ ከደምቢያ በቴሌግራም አንድ ፎቶ ላከልኝ። ጓያ ማሳ ዳር ሞቶ የተገኘ ትልቅ ግራጫ ወፍ ነው። እግሮቹ ላይ ባለ ቀለም ቀለበቶች አሉ። ከፎቶው ስር እንዲህ ይላል፦ «ካሜራ አለው እየተባለ ነው፤ እንቅበረው ወይስ ለቀበሌ እናስረክብ?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። ከዚያ ትንሽ አፈርኩ። ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ፣ ጣና ዳር ያለችው ጎርጎራ ለሽርሽር ስንት ጊዜ የተመላለስኩ ሰው ነኝ፤ ግን እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሆን ያው «ካሜራ ይሆናል» ነበር የምለው። በየዓመቱ ከራሴ በላይ ስለሚያልፈው ነገር ምንም አላውቅም ነበር። ወፍ ወፍ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ በቃ።

እንግዲህ ከዘመድም ከጎረቤትም ደጋግመው የሚመጡብኝን ጥያቄዎች እዚህ ላይ አንድ በአንድ ልመልስ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል፦ ጣናን «ሐይቅ» የሚለው መጽሐፍ ነው። ዳሩ ላይ የሚኖር ሰው «ባሕር» ነው የሚለው፣ የባሕር ዳር ከተማ ስምም ይኸው ነው። እኔም ባሕር ስል ጣናን ማለቴ ነው።

ስደተኛ ወፍ ሲባል ከምን ነው የሚሰደደው?

ይህንን የጠየቀችኝ እናቴ ናት። «ስደተኛ» የሚለው ቃል ለኛ ከባድ ቃል ነው። ጦርነት፣ ረሃብ፣ ድንበር ማቋረጥ ነው የሚያስታውሰን። ወፎቹ ግን ከዚህ ይልቅ መተማ ወይም ሁመራ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርደውን ወጣት ነው የሚመስሉት። መስከረምና ጥቅምት ላይ ይወርዳል፣ ሥራው እስካለ ይቆያል፣ ሥራው ሲያልቅ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በዓመቱም እንደገና ይወርዳል። ተሰደደ አይባልም። ሥራ ያለበትን ወቅት ተከትሎ ነው የሚመላለሰው።

ወፎቹም እንዲሁ ናቸው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በታወቀ ወቅት፣ በሁለት ቦታዎች መካከል የሚመላለስ ወፍ ነው ስደተኛ የሚባለው። አንደኛው ቦታ እንቁላል የሚጥልበትና ጫጩት የሚያሳድግበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የቀረውን ጊዜ የሚበላበት።

ሁሉም ወፍ አይሄድም። ፋሲል ግንብ ላይ የምታዩት አንገቱ ላይ ነጭ ያለበት ርግብ ነዋሪ ነው፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጪ የትም አይገኝም። የደጋው ወፍራም ምንቃር ቁራም ያው ነዋሪ ነው። ሌሎች ደግሞ ከሩቅ መጥተው ወራት የሚቆዩ ናቸው። ጥቂት ቀን አርፈው ወደ ኬንያና ታንዛኒያ የሚቀጥሉ መንገደኞችም አሉ። ከአፍሪካ ሳይወጡ እዚሁ የሚመላለሱም አሉ። የአብዲም ሽመላ የሚባለው ለምሳሌ ዝናብ ሊጀምር ሲል ከደቡብ ይመጣና እዚህ ይፈለፍላል፤ ሌሎቹ ሲመጡ እሱ ይሄዳል።

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ ያሳስተናል። በውጭ ቋንቋ የተጻፈውን ሲተረጉሙ «ወፎቹ ክረምትን ለማሳለፍ ወደ ኢትዮጵያ ይመጣሉ» ይሉታል። የጎንደር ሰው ይህንን ሲያነብ ሐምሌና ነሐሴ ነው የሚታየው። ጭቃ፣ ጉም፣ ጃንጥላ። የነሱ «ክረምት» ግን በረዶ ነው፣ ከኛ በጋ ጋር ነው የሚገጥመው። ወፎቹ የሚመጡት የኛ ክረምት ካለቀ በኋላ፣ መስቀል ሲያልፍና ሜዳው አደይ ሲለብስ ነው።

ብርዱን ሸሽተው ነው?

ብዙ ሰው እንደዚህ ያስባል፤ ግማሹ ብቻ ነው ልክ። ላባ ከጋቢ ይሞቃል። ብዙ ወፍ ብርዱን ራሱን ይችለዋል፤ የማይችለው ረሃቡን ነው። ሩሲያ ወይም ፊንላንድ ውስጥ ታህሣሥ ላይ ረግረጉ በረዶ ይሆናል፣ ነፍሳት ይጠፋሉ፣ መሬቱ ምንቃር አያስገባም። ቀኑም አጭር ነው፤ ምግብ ቢኖር እንኳ ለቅሞ ለመጥገብ ሰዓት አይበቃም።

«ታዲያ እዚህ ሞቆ ጠግቦ መቅረት አይሻልም?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያ በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ለጥቂት ሰዓት ነው። በረዶው ሲቀልጥ ትንኙና ትሉ መሬቱን ይሞላዋል። ለአምስት ጫጩት ቀኑን ሙሉ ምግብ ማመላለስ ያለባት እናት፣ 18 ሰዓት ብርሃንና የማያልቅ ትንኝ ብታገኝ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ቢያስኬዳትም ያዋጣታል። እዚህ ደግሞ ቀኑ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ምግቡን የሚሻሙ ነዋሪ ወፎችም ሞልተዋል። ስለዚህ ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ መውለጃው ሰሜን፣ መክረሚያው ደቡብ።

መንገዱን ማን ነገራቸው?

ይህ እኔን ራሴን ገና ያልለቀቀኝ ጥያቄ ነው።

ሰው ለብዙ ዘመን መልሱን አያውቅም ነበር። አሪስቶትል አንዳንድ ወፎች ጉድጓድ ገብተው ይተኛሉ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ወደ ሌላ ዓይነት ወፍ ይለወጣሉ ብሎ ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን ደግሞ አንድ እንግሊዛዊ፣ ቻርልስ ሞርተን፣ ወደ ጨረቃ ይሄዳሉ ብሎ ጽፏል። ሳትስቁ አስቡት፤ በመስከረም ሰማይ ላይ የሚጠፋ ወፍ የት እንደሚገባ ካላየህ ጨረቃም መልስ ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1822 ጀርመን ውስጥ አንድ ሽመላ ተገደለ። አንገቱን በስቶ ያለፈ ረጅም ቀስት ነበረበት። እንጨቱ አፍሪካ የተሠራ ነው። አንድ አፍሪካዊ አዳኝ ወግቶት፣ ቀስቱን እንደተሸከመ በርሮ አገሩ ገብቷል ማለት ነው! ወፉ ዛሬም ሮስቶክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቀስቱ አንገቱ ላይ እንዳለ ተቀምጧል።

አሁን የምናውቀው ብዙ ነው። መነሻ ሰዓቱን የሚነግራቸው የቀኑ ርዝመት ነው። ቀኑ ሲያጥር ሰውነታቸው ይለወጣል፣ ያለ ልክ ይበላሉ፣ ስብ ያከማቻሉ። ትንንሾቹ ከረጅም በረራ በፊት ክብደታቸው ወደ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ስቡ ነዳጅ ነው፤ ሱዳን በረሃ ላይ ማደያ የለም።

አቅጣጫውን በፀሐይ፣ በከዋክብትና በመሬት መግነጢስ ነው የሚይዙት። ስቴፈን ኤምለን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የሠራው ሙከራ በጣም ይገርመኛል። ወፏን በወረቀት በተሠራ ሾጣጣ ውስጥ ያስቀምጣታል፤ ከስር የማኅተም ቀለም አለ። የጉዞ ወቅት ሲደርስ ወፏ ሌሊት እረፍት ታጣለች፣ ትዘላለች፤ በዘለለች ቁጥር ቀለም የነካው እግሯ ወረቀቱ ላይ ምልክት ይተዋል። ጠዋት ወረቀቱን ዘርግቶ ወዴት መሄድ እንደፈለገች ያነባል። ከዚያ ሰው ሠራሽ ሰማይ ባለበት አዳራሽ ውስጥ ከዋክብቱን ሲያዞርባት አቅጣጫዋም አብሮ ዞረ። ከብዕርና ወረቀት የማይበልጥ ዕቃ ነው፣ ወፏ ግን በእግሯ ጻፈችለት።

አንድ ልዩነት አለ። ትንንሾቹ ወፎች አብዛኞቹ ሌሊት ነው የሚበሩት፤ ዘንድሮ የተፈለፈለ ጫጩትም ማንም ሳያሳየው አቅጣጫውን ይዞ ይወለዳል። ትልልቆቹ ግን እንደ ልጅ ይማራሉ። የክሬን ጫጩት የመጀመሪያ ጉዞውን የሚያደርገው ከእናትና ከአባቱ ጋር ነው። ስለዚህ ሜዳው ላይ ሁለት ትልልቅና መሐላቸው ቡናማ ጭንቅላት ያለው አንድ ስታዩ ቤተሰብ ነው። ልጁ መንገዱንና ማደሪያውን ገና እየተማረ ነው።

ክሬን ያልከው የትኛው ወፍ ነው?

አዎ፣ ይቅርታ። የአክስቴ ልጅ የላከው ግራጫ ወፍ እሱ ነው። ሰው «ሽመላ» ሲለው ሰምቻለሁ፤ ሽመላ ግን ሌላ ነው፣ ነጭ አካል፣ ጥቁር የክንፍ ጫፍ፣ ቀይ ምንቃርና ቀይ እግር ያለው። ስለዚህ እኔ ክሬን እለዋለሁ። ፎቅ ሲሠራ ብረት የሚያነሳው ማሽን ስሙን ያገኘው ከዚህ ወፍ ረጅም አንገት ነው፤ ስትረሱት ማሽኑን አስቡ።

ቁመቱ ከአንድ ሜትር ይበልጣል፤ ክንፉ ሲዘረጋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሁለት ሜትር ያልፋል። ክብደቱ አምስት ኪሎ አካባቢ ነው። አንገቱ ጥቁርና ነጭ፣ አናቱ ላይ ትንሽ ቀይ ነገር አለች። አናቱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለው ጥቁር ወፍ ካያችሁ ደግሞ ዘመዱ ነው፤ እሱ ግን ነዋሪ ነው፣ የትም አይሄድም። ግራጫው ሳይታይ በፊት ነው የሚሰማው። የጉሮሮው ቧንቧ ረጅም ከመሆኑ የተነሳ ደረቱ አጥንት ውስጥ ገብቶ ይጠመዘዛል፣ ስለዚህ ድምፁ እንደ መለከት ከሩቅ ይደርሳል። ሲበሩ ደግሞ እንደ ማረሻ ጫፍ ሾል ብለው ይሰለፋሉ። የፊተኛው ክንፍ የሚያነሳው አየር ለኋለኛው ድጋፍ ይሆነዋል፤ የፊተኛው ሲደክመው ይቀያየራሉ።

የኛዎቹ ክሬኖች ከአውሮፓ ሩሲያና ከአካባቢዋ የሚመጡ ናቸው፤ ይህ በሳተላይት መከታተያ ተረጋግጧል። ከሞስኮ እስከ ጎርጎራ በቀጥታ ቢለካ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቱርክን፣ ከዚያ እስራኤልን ያልፋሉ፤ ሁላ ሸለቆ ላይ ብዙዎቹ ያርፋሉ፣ እዚያው የሚከርሙም አሉ። የቀሩት ቀይ ባሕርን ተሻግረው ይቀጥላሉ።

ንስሮቹስ ለምን ሌላ መንገድ ይሄዳሉ?

ንስር፣ ጭልፊትና ሽመላ እንደ ክሬን ክንፋቸውን እያራገቡ ሩቅ መሄድ አይወዱም፤ ያደክማቸዋል። ጎንደር ላይ ከረፋዱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ሰማይ ቀና በሉ። አሞራው ክንፉን ሳያንቀሳቅስ እየዞረ ወደ ላይ ይወጣል። ፀሐይ ድንጋዩንና መሬቱን ስታሞቀው የሞቀው አየር ወደ ላይ ይነሳል፣ አሞራው ያንን እንደ ሊፍት ይሳፈረዋል። ጫፍ ሲደርስ ወደሚፈልገው አቅጣጫ ይንሸራተታል፣ ዝቅ ሲል ሌላ ሊፍት ይፈልጋል። ነዳጅ አያወጣም።

ችግሩ እንደ ቀይ ባሕር ያለ ሰፊ ውኃ ላይ ሊፍት የለም። ስለዚህ እነዚህ ወፎች ውኃው የሚጠብበትን ቦታ ፈልገው ይሻገራሉ። ለኛ የሚቀርበው ባብ ኤል መንደብ ነው፤ የመንና ጅቡቲ የሚተያዩበት፣ 30 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስፋት ያለው ጠባብ። እ.ኤ.አ. በ1987 መኸር ላይ እዚያ የቆጠሩ ሰዎች ወደ ሩብ ሚሊዮን የሚጠጉ አዳኝ ወፎች ሲሻገሩ አይተዋል፤ ከነሱ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ከሩሲያና ከካዛክስታን የሚነሱ የሜዳ ንስሮች ነበሩ። ከቀይ ባሕርና ከስምጥ ሸለቆ ጋር የሚሄደው ይህ መስመር በክንፋቸው ለሚንሳፈፉ ወፎች በዓለም ላይ ካሉት ዋና ዋና መንገዶች አንዱ ነው። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ወፍ በየዓመቱ ይመላለስበታል። ጥቅምት ላይ ከጎንደር በላይ የሚያልፈው ንስር የዚሁ ሰልፍ ቁራጭ ነው።

ቦታ ሞልቶ ሳለ ጣና ለምን?

በጭቃው ምክንያት። ጣና ትልቅ ነው፣ ከሦስት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ፤ ግን ጥልቅ አይደለም። ጥልቅ የሚባለው ቦታ እንኳ 15 ሜትር አይሞላም፤ ዳሩ ደግሞ ለጥ ያለ ነው። መስከረም ላይ ውኃው ከፍ ይላል፣ ከዚያ እስከ ሰኔ ቀስ እያለ ይወርዳል። ልዩነቱ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ለጥ ባለ ዳር ላይ አንድ ሜትር ተኩል ቀላል አይደለም፤ ሰፊ መሬት ይጋለጣል። የደምቢያና የፎገራ ሰው «ባሕር ሸሽ» የሚለው ይህንን ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ሰው ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል።

ወፎቹም በሰዓቱ የሚደርሱት ለዚሁ ነው። ውኃው በሸሸ ቁጥር አዲስ ጭቃ፣ አዲስ ትል፣ አዲስ ቀንድ አውጣ። ረጅም እግርና ረጅም ምንቃር ያላቸው ትንንሽ ወፎች ቀኑን ሙሉ ጭቃውን እየወጉ ይውላሉ። የምንቃሩን ርዝመት ልብ በሉ፤ አጭሩ ከላይ ይለቅማል፣ ረጅሙ ከስር ያወጣል፣ በአንድ ጭቃ ላይ ሳይጣሉ የሚበሉት ለዚህ ነው። ከከብቶቹ እግር ስር ደግሞ ጅራቷን የምትነቀንቅ ቢጫ ወፍ አለች፤ ክብደቷ 20 ግራም አይሞላም። ላሟ ስትራመድ የሚነሳውን ዝንብ ትለቅማለች። ያቺ 20 ግራም የማትሞላ ነገር ሰሃራን ተሻግራ ነው የመጣችው።

ክሬኖቹ ማታ ማታ ዝቅ ያለ ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ጅብና ቀበሮ ሲመጣ ውኃው ይንቦጫረቃል፣ ይነቃሉ። ጎህ ሲቀድ ወደ ማሳ፣ ሲመሽ ወደ ውኃ። ጣና ዳር አልጋውም ማዕዱም ጎን ለጎን ነው።

እህላችንን አይበሉም?

ይበላሉ። ጎርጎራ የማውቃቸው አንድ ታንኳ ቀዛፊ አሉ፤ አያ ነው የምላቸው። «እነዚህ ፈረንጆች መጡ ደግሞ ሽምብራችንን ሊለቅሙ» ይላሉ በየዓመቱ። በአብዛኛው የሚበሉት አዝመራ ከተነሳ በኋላ የረገፈውን ነው፤ ሩዝ፣ ዳጉሳ፣ በቆሎ። ግን አዲስ የተዘራ ሽምብራ ላይ ካረፉ ያው መልቀማቸው አይቀርም፤ አርሶ አደሩ ቢያማርር አይፈረድበትም። ከተማ ቁጭ ብሎ «ወፎቹን ተንከባከቡ» ማለት ቀላል ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የሚለቅሙት እህል ብቻ አይደለም፤ ትልና ፌንጣም ይበላሉ። ነጭ ሽመላ አንበጣ ካገኘ ሌላ ነገር አያይም። መንጋውን ያቆማል እያልኩ አይደለም፤ የ2012ቱን የአንበጣ ወረራ ያየ ሰው እንደዚያ ብለው ይስቅብኛል።

የፈረንጅ ወፎች ናቸው ወይስ የኛ?

የአያን ቀልድ እንደ ጥያቄ ልውሰደውና ወሩን እንቁጠር። ክሬኑ እዚህ አራትና አምስት ወር ይቆያል፣ መንገድ ላይም ሳምንታት ያጠፋል። ያቺ ቢጫ ወፍ ደግሞ የባሰች ናት። አውሮፓ የምትቆየው ከሚያዝያ መጨረሻ እስከ ነሐሴ ነው፣ አራት ወር ገደማ። የቀረውን ጊዜ አብዛኛውን አፍሪካ ናት። ከዓመቱ የበዛውን ከኛ ከብቶች ጋር አሳልፋ ስሟ ግን «የአውሮፓ ወፍ» ነው። ቤት ማለት የት ነው? የተወለዱበት ወይስ ብዙውን ጊዜ የሚኖሩበት? እኔ የሁለቱም ናቸው ባይ ነኝ። ሕጉም እንደዚያው ነው የሚያየው፤ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ስደተኛ እንስሳትን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነትና የአፍሪካና የአውሮፓ የውኃ ወፎች ስምምነት አባል ናት። አንድ አገር ብቻውን ሊጠብቃቸው አይችልም። ሩሲያ ውስጥ ረግረጉ ቢጠበቅ ጎርጎራ ላይ ግን ማደሪያው ቢደርቅ ወፉ የለም።

ታዲያ ቀለበቱ ካሜራ አይደለም?

አይደለም። ቀለበት መታወቂያ ነው። ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን የሚባል ዴንማርካዊ መምህር እ.ኤ.አ. በ1899 ነው ቁጥር ያለው ቀለበት ወፎች እግር ላይ ማሰር የጀመረው። ክሬኖች ላይ የሚታሰሩት ባለ ቀለም ቀለበቶች ወፉን ሳይይዙ ከሩቅ በመነጽር እንዲነበቡ ተብሎ ነው። የቀለሙ ቅደም ተከተል የት አገር እንደታሰረና የትኛው ወፍ እንደሆነ ይናገራል። አንዳንዱ ጀርባው ላይ ትንሽ ሣጥን አለው፤ እሱ ቦታውን በሳተላይት የሚልክ መከታተያ ነው። የሚልከው «እዚህ ነኝ» የሚል ብቻ ነው። ምስል የለውም፣ ድምፅ የለውም።

ስለላ ነው ብሎ የጠረጠረው የአክስቴ ልጅ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ግብፅ ውስጥ ቄና በሚባል ቦታ አንድ ሽመላ መከታተያ ስለነበረው ተይዞ ፖሊስ ጣቢያ ገብቷል። ባለሙያ መርምሮት ንጹሕ ነው ተብሎ ተለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ግን ሰው በላው፤ ከስለላ ክስ ያመለጠ ከድስት አላመለጠም።

ቀለበት ያለው ወፍ ካገኛችሁ፣ በሕይወት ካለ አትያዙት፤ ፎቶ አንሱ፣ ቀለሞቹን ከላይ ወደ ታች፣ የግራና የቀኝ እግሩን ለይታችሁ ጻፉ፣ ቦታውንና ቀኑን ጨምሩ። ሞቶ ካገኛችሁት በባዶ እጅ አትንኩት፤ የወፍ ጉንፋን የሚባለው በሽታ ቀልድ አይደለም። መረጃውን ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ብትነግሩ ይቀበሏችኋል። የአክስቴ ልጅ ቀለሞቹን ጽፎ ላከልኝ። ወፉን ግን ቀበሩት።

እምቦጩ ወፎቹንም ይጎዳል?

ደምቢያ ላይ እምቦጭ ያልነቀለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በመገጭ ወንዝ መግቢያ በኩል በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው መታየት የጀመረው። ሁሉንም ወፍ እኩል አይጎዳም። ጣቶቹ የረዘሙ፣ ቅጠል ላይ የሚራመድ ጃካና የሚባል ወፍ አለ፤ ለሱ ምንጣፍ ነው። ጭቃ ለሚወጉትና ዝቅ ያለ ውኃ ውስጥ ለሚያድሩት ግን በራቸው ላይ ግድግዳ እንደተሠራ ቁጠሩት። ምግቡ ከስር አለ፣ መንገዱ ግን የለም። የክሬን አልጋም ሲሸፈን አድራሻ ይቀይራል። እዚያ ላይ ረግረጉ እየታረሰ፣ ደንገሉ እየተመነጠረ ነው። እኔን ከእምቦጩ ይልቅ ይኸኛው ያሳስበኛል፤ እምቦጩ ይታያል፣ ዘመቻ ይወጣበታል፤ የረግረጉ መድረቅ ግን በየዓመቱ አንድ አንድ ጥማድ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም።

እኔስ እንዴት ልይ? ምን ያስፈልገኛል?

አንድ ቦታ ብቻ ያስፈልጋችኋል። ከዚህ የበለጠ የምመክረው የለም። አዲስ ወፍ ፍለጋ አገር ከመዞር አንድ ኪሎ ሜትር የማይሞላ የባሕር ዳር ወይም የግድብ ዳር መርጦ ደጋግሞ መሄድ ይሻላል። አንድ ቀን ብቻ ከሄዳችሁ ወፍ አያችሁ ነው። ሃያ ጊዜ ከሄዳችሁ ግን ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ዘገየ የሚለው ይገባችኋል። ስደት የሚታየው በልዩነቱ ነው፤ ልዩነት ደግሞ ትናንትን የማያውቅ ሰው አያየውም።

ጎርጎራ ከጎንደር በአዘዞና በቆላድባ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ምናምን ነው። ዘንድሮ መንገዱ እንደ ልብ ስላልሆነ ከመነሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ካልተመቸ አንገረብ ግድብ አለ፤ ከከተማው ሳትወጡ ነው። ባሕር ዳር የምትሄዱ ከሆነ ደግሞ ከአዲስ ዘመን ካለፋችሁ በኋላ እስከ ወረታ ድረስ ስልካችሁን አስቀምጡና የፎገራን ሜዳ በሚኒባሱ መስኮት እዩ፤ ግራጫ በግ የሚመስለው ሁሉ በግ አይደለም።

መነጽር ካገኛችሁ 8 በ42 የተጻፈበት ጥሩ ነው። 8 ማለት ስምንት እጥፍ ያቀርባል፣ 42 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። ከስምንት በላይ ሲሆን እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ምስሉ ይዘላል። መነጽር ባይኖርም ክሬን በባዶ ዓይን ይታያል። ስልክ ላይ ሜርሊንና ኢበርድ የሚባሉ ነጻ መተግበሪያዎች አሉ፤ ስሙን ለማወቅና ያያችሁትን ለመመዝገብ። እኔ ግን ደብተር እመርጣለሁ፣ ቻርጅ አያልቅበትም።

ብርሃኑን አስቡበት። ጎርጎራ በሰሜን ዳር ስለሆነች ባሕሩን ስታዩ ፊታችሁ ወደ ደቡብ ነው፣ በታህሣሥ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይዋ ዓይናችሁ ውስጥ ናት፣ ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆናል። እኔ ይህንን ለማወቅ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ጠዋት ወደ ምዕራብ፣ ማታ ወደ ምሥራቅ አዙራችሁ እዩ። አቀራረብም አለው። አርሶ አደሩ በሬ ጠምዶ አጠገባቸው ሲያርስ አይነሱም፣ እኔ መነጽር አንጠልጥዬ በቀጥታ ስጠጋ ግን ብር ይላሉ። ወደነሱ አትሂዱ፤ በጎን እለፉ፣ ቁጭ በሉ፣ ሌላ ነገር የምትሠሩ ምሰሉ።

መቁጠር ለሚፈልግ፦ አሥር ቁጠሩ፣ የአሥሩን ስፋት በዓይን ያዙ፣ ከዚያ በዚያ ስፋት መንጋውን ለኩ። በዓለም ዙሪያ የውኃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ ጥር ላይ የሚደረገው ከዚህ ብዙ ባልራቀ ዘዴ ነው።

መሄዳቸውን በምን አውቃለሁ?

መምጣታቸው ይሰማል፤ መሄዳቸው አይሰማም። የካቲት መጨረሻ ላይ ክሬኖቹ ጠዋት ከውኃ ወጥተው ማሳ ላይ ከተበተኑ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 ወይም 5 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ሲሞቅ የተወሰኑት ይነሱና መዞር ይጀምራሉ። እየዞሩ ይወጣሉ፣ ሌሎች ይቀላቀላሉ፣ ክቡ እየጠበበ ነጥብ ይሆናል። ከዚያ ነጥቡ ወደ ሰሜን ይሄዳል። ማታ ማደሪያው ላይ የሚመለሱት በየቀኑ እያነሱ ይመጣሉ። የአምናው ደብተሬ ላይ የካቲት 24፦ «ብዙ፣ መቁጠር አቃተኝ።» መጋቢት 3፦ «ወደ 200።» መጋቢት 11፦ «ሰባት። አያ ሽምብራ እያጨዱ ነው።»